ጋሽ ቆይ እና ሦስት ዓይነት ወለል

በየሰፈሩ ውኃ አለ፣ መብራት አለ፣ አንድ «ቆይ» የሚል ሰውም አለ። ውኃው ይጠፋል፤ መብራቱም ይጠፋል፤ ሰውዬው ግን ጠፍቶ አያውቅም። የሆነ ቦታ መዶሻ ድምፁን ካሰማ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከተፍ ይላል።

ከልብስ ሰፊዋ ጎን የሚኖሩት ሽማግሌ የዚህ ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። ስም አላቸው፤ የሚያስታውሰው ግን መታወቂያቸው ብቻ ነው። ሰፈሩ «ጋሽ ቆይ» ይላቸዋል። አንዴ ጎረቤት ቁም ሣጥን ሊያስገባ ሲል «ቆይ፣ በሩን ለካኸው?» ብለው አስቆሙት። በሩ ሲለካ፣ መስኮቱ ሲለካ፣ ቁም ሣጥኑ ደጅ አድሮ ዝናብ መታው። ሐሜት አይደለም፤ ቁም ሣጥኑ እስከ ዛሬ አልዘጋ እንዳለ ነው። ሠርግ ላይ ቀለበት ሊያጠልቅ የነበረን ሙሽራ «ቆይ» ብለዋል የሚሉም አሉ። ይሄኛው እንኳ ትንሽ ሳይጨመርበት አልቀረም።

ልብስ ሰፊዋ ከእሳቸው ጋር ጠብ የላትም፤ ጊዜም የላትም። በዚያ ሳምንት ደግሞ ጭራሽ አልነበራትም። አባቷ ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ከገቡ ወር አልፏቸው፣ ቅዳሜ ሊወጡ ነው። የወደቁት በገዛ ሳሎናቸው ነበር። ሳሎኑ እንደ ድሪቶ የተጣጣፈ ነው፤ ግማሹ ጣውላ፣ ግማሹ የሲሚንቶ ሊሾ፣ በመስኮቱ ሥር ደግሞ ከሊሾው እኩል የተነጠፈ የድሮ ሴራሚክ። ጣውላው ከሊሾው ጣት የምታህል ዝቅ ይላል፤ እግራቸውን የያዘው ያ ጠርዝ ነው። ሐኪሙም ሁለተኛ ከወደቁ መነሳታቸውን እንጃ ብሏታል። ስለዚህ ወለሉ በሙሉ እኩል ሆኖ አዲስ ሴራሚክ መልበስ አለበት፤ ከቅዳሜ በፊት።

ማክሰኞ ጠዋት ሴራሚክ ሠሪው የማጣበቂያውን ከረጢት ሊቀድ ሲል በሩ ላይ ጥላ አረፈ።

«ቆይ የኔ ልጅ። ከሥሩ ምን ምን እንዳለ አይተሃል?»

ሴራሚክ ሠሪው በዚህ እጁ ስንት ቤት እንዳለበሰ፣ ማጣበቂያ ማጣበቂያ መሆኑን፣ ይሄኛው ደግሞ ድንጋይን ከድንጋይ እንደሚያጋባ አስረዳ። ክቡርነታቸው ጋሽ ቆይ አልሰሙትም። ተንበርክከው ወለሉን በጣታቸው እያንኳኩ ጆሯቸውን እንደ ሐኪም ደቀኑ። ሊሾው ላይ ውኃ ጠብ አደረጉ፤ ጠጣው። የድሮው ሴራሚክ ላይ ጠብ አደረጉ፤ ውኃው እንደ ዶቃ ቁጭ አለ። ከዚያ አፉ ድረስ የሞላ ብርጭቆ ጣውላው ላይ አስቀመጡና ሴራሚክ ሠሪውን በአጠገቡ እንዲያልፍ ጠየቁት። ሰውዬው ደልደል ያለ ነው። በሁለተኛው እርምጃ ብርጭቆው ተንገዳግዶ ውኃው ፈሰሰ።

የልብስ ሰፊዋ ደም ፈላ። እስከ ቅዳሜ የቀሩትን ቀናት በልቧ ትቆጥራለች፣ ሽማግሌው ከብርጭቆ ጋር ይጫወታሉ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ሰውዬው ሥራውን ይሥራ። አባቴ ቅዳሜ ይመጣሉ።»

«ለእሳቸው ብዬ እኮ ነው። ጣውላው ይንቀሳቀሳል፤ ሊሾው ንቅንቅ አይልም። ለመሆኑ ልጄ፣ አንቺ የሚለጠጥ ጨርቅ በምን ክር ትሰፊያለሽ?»

አንድ ነገር ትዝ አላት። ዐምና ለአንዲት ሞላ ላለች ደንበኛ ከሚለጠጥ ጨርቅ ጉርድ ቀሚስ ሰፍታላት ነበር፤ በተራ ክር። ጨርቁ ደህና፣ ክሩም ደህና። ሴትዮዋ ከሰው ፊት ቁጭ ስትል ጨርቁ ተለጠጠ፣ ክሩ እምቢ አለ፤ ስፌቱ ከወገቧ እስከ ጉልበቷ ጣ ጣ ጣ ብሎ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ ያንን ድምፅ በአባቷ እግር ሥር ሰማችው። የተሰነጠቀ ሴራሚክ፣ ብቅ ያለ ጠርዝ፣ ምርኩዝ።

ወደ ሴራሚክ ሠሪው ዞረች። «የሚለጠጥ ማጣበቂያ የሚባል ነገር አለ?»

አንገቱን አከከ። አለ አለ፤ ለጣውላም ለሁሉም የሚሆን፣ ሲደርቅም ድርቅ የማይል። እሱ እንኳ ሳሎኗ ትንሽ ናት ብሎ ነው እንጂ።

ከረጢቱ ሳይቀደድ ተመለሰ፤ ማክሰኞም አብራው ሄደች። የሚለጠጠው መጣ። የሚያቃስተው ጣውላ ሁሉ በብሎን ጥርቅም ተደርጎ ታሰረ፣ ላዩ ላይ ወፍራም የእንጨት ሰሌዳ ተደርቦ ከሊሾው እኩል ሆነ። የድሮው ሴራሚክ ማጣበቂያው እንዲይዘው ብልጭታው እስኪጠፋ ተፋቀ። ጋሽ ቆይ ብርጭቆአቸውን መልሰው አስቀመጡ፤ ደልዳላው ሰው አለፈ፣ አንዲት ጠብታ አልወጣችም። አንድም ሴራሚክ ጣውላውንና ሊሾውን አንድ ላይ እንዳይረግጥ፣ መገናኛቸውም በላስቲክ እንዲሞላ አዘዙ። ሐሙስ ማታ ልብስ ሰፊዋ አዲሱ ወለል ላይ እግሯን ልታሳርፍ ስትል ሴራሚክ ሠሪው ክንዷን ያዘና «ቆይ እህቴ፣ ይድረቅ» አላት። በሽታው ይተላለፋል።

ቅዳሜ አባቷ መጡ። ምርኩዛቸውን እያስቀደሙ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጡ ልብስ ሰፊዋ ከኋላ እጇን ዘርግታ ተከተለቻቸው። ምርኩዙ ጣውላው በነበረበት ቦታም፣ ሊሾው በነበረበት ቦታም እኩል ይመታል። መገናኛውን የት እንዳለፉት እሷም አላየችም፤ እሳቸውም አላወቁም። ወንበራቸው ላይ ደርሰው ተቀመጡና መጋረጃውን ማን እንደቀየረው ጠየቁ። እሷ እየሳቀች ምርኩዛቸውን ተቀብላ ከግድግዳው ጋር አስደገፈችው። ከወር ጭንቀት በኋላ የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

ከሰዓት ጋሽ ቆይ እግዜር ይማርዎ ሊሉ መጡ። አለኝታቸውን ለመግለጽ አንድ ደቂቃ ወሰደባቸው፤ ከዚያ ስለ ማጣበቂያው ጀመሩ። አባቷ ሆስፒታል ሳሉ «እሺ» እና «አመመኝ» ከማለት በቀር ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። ልብስ ሰፊዋ በጓዳ የስፌት መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች የአባቷን ድምፅ ሰማች።

«የለም፣ የለም። ጣውላውን መንቀል ነበር።»

«ነቅለው ከሥሩ እርጥበት ቢያገኙስ?»

«ታዲያ ማድረቅ ነዋ። አንተ መቼም ሁሉን ታውቃለህ።»

ድምፃቸው ጎልቷል፣ ጉሮሯቸው ተከፍቷል፤ ድሮ ከጓደኞቻቸው ጋር እንደሚነታረኩት ናቸው። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን አቁማ ጥቂት አዳመጠች። ከዚያ ጋሽ ቆይ ከተቀመጡባት ትንሽ ዱካ ይልቅ ለረጅም ወሬ የሚመቸውን፣ መደገፊያ ያለውን ወንበር ለእሳቸው ተሸክማ ገባች።