ጥሎ መሄድ የማያውቅ ገበያ

ዘንድሮ ሰው ሰውን መጠየቅ ትቷል። መንገድ እንኳ የሚጠይቀው ስልኩን ነው። ይህ ሳያንስ ሰው አያስፈልግም ባዮቹ ጨዋታችን ውስጥም ገቡብን።

የምን ጨዋታ አትሉኝም? እኔ ደብረ ማርቆስ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ጌም ቤት ገብቼ በኢንተርኔት የጠፈር መርከብ እነዳለሁ። ሳቁ፤ ሚስቴም ስቃ ስቃ ነው የተወችኝ።

መርከቧ ስትገዛ ባዶ ቅርፊት ናት። ሞተሩን፣ መሣሪያውን፣ ጋሻውን መርጦ የሚያስታጥቃት ባለቤቷ ነው። ሁሉም ኃይል ይበላል፤ አንዱን ስታበዛ ሌላው አይሠራም። ለዚህ ደብተር አለኝ፣ ዓመታት የደመርኩበት የቀነስኩበት። ጌም ቤቱ ውስጥ መርከብ ያለው ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እኔ ነበር። እኔም ቶሎ አልመልስም። እውቀት እኮ ቶሎ ከሰጡት ይረክሳል።

ታዲያ የጨዋታው ሠሪዎች ምን ቢያመጡ ጥሩ ነው? ማስታጠቂያውንም መግዣውንም እዚያው ጨዋታው ውስጥ ከተቱት። ዕቃውን ሳትገዛ መርከቧ ላይ ትሞክረዋለህ። ኃይሉ ካልበቃ በቀይ ይነግርሃል። ከበቃ አንዲት ቁልፍ ትጫናለህ፤ ሁሉም ተገዝቶ ይገጠማል። ያሳየችኝ ሐዋ ናት፣ ከደሴ መጥታ እዚህ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ፣ የቡድናችን አባል። «መምህር፣ ከእንግዲህ ደብተሩን ያሳርፉት» አለችኝ። በቅንነት ነው ያለችው፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው።

ቁልፍ ተጭኖ መግዛት መግዛት ነው? አጎቴ ሮብ ገበያ አንድ በሬ ለመግዛት ሦስት ገበያ ተመላልሷል። ጥርሱን አየ፣ ሻኛውን ዳበሰ፣ ሽቅብ ቁልቁል አስነዳው፣ በባለቤቱ ፊት አማው። ከዚያ ዋጋውን ጠርቶ ጥሎ ሄደ። ዋናው ጥበብ ጥሎ መሄዱ ነው። ሻጩ «ና እስኪ ተመለስ» ብሎ ካልጠራህ ገዛህ አይባልም። የዛሬ ሰው ግን ይጫናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ቡድናችን አራት ሰው ነው። ሁለት ወር ሙሉ ማዕድን ስንቆፍር ከርመን፣ ጭነቱን ዘራፊ በሚበዛበት መንገድ የምናሳልፍበት ቅዳሜ ቀረበ። ከፊት ሆኖ የሚመክት ማነው? እኔ ነኛ። ጭነቱ ከተዘረፈ የሁለት ወር ልፋት ገደል ገባ፤ ስሜም አብሮ። ሐዋ አብሬዎት ልሁን ብትለኝ ከኋላ አስቀመጥኳት።

መርከቤን በደብተሬ አስታጠቅኳት። የቀረኝ ጋሻው ብቻ ነበር። ሻጩ እንደኛው ያለ ተጫዋች ነው፤ የጻፈውን ዋጋ ሳይ ሳቄ መጣ። ግማሹን እከፍላለሁ ብዬ ጻፍኩና ገበያውን ዘግቼ ወጣሁ። ይጥራኝ እንግዲህ። ረቡዕ አልጠራም። ሐሙስም አልጠራም። ዓርብ ሐዋ፣ «መምህር፣ እዚህ ገበያ እኮ ሻጩ መሄድዎንም አያይም» አለችኝ። እኔን ገበያ ልታስተምረኝ። ኩራቱ ነው፣ ይለሰልሳል አልኳት።

ቅዳሜ ያለ ጋሻ ወጣሁ። ዘራፊዎቹ መጡ፤ መርከቤ ሻዬን አማስዬ ሳልጨርስ ነደደች፤ እዚያ ደግሞ የነደደ መርከብ አይመለስም። ሐዋ በዚያች ቁልፍ ባስታጠቀቻት መርከብ ከኋላ ደርሳ ጭነቱን አሳለፈችው። ጌም ቤቱ አጨበጨበላት። እኔም በሁለት ጣቴ አጨበጨብኩ። አፈርኩ፣ ምን ልዋሽ። ዛሬ ምክር የሚፈልግ ሁሉ የሚሄደው ወደ እሷ ነው፤ እሷም ወዲያው ትመልስለታለች።

ባለፈው ሳምንት ግን ጨዋታውን ስከፍት መልእክት ጠበቀኝ። ሻጩ ጋሻውን እኔ ባልኩት ዋጋ፣ በግማሹ፣ ለቆልኛል። ሮጬ ለሐዋ አሳየኋት። አየችና፣ «ታዲያ ምን ላይ ሊገጥሙት ነው?» አለችኝ።

ገበያ የማያውቅ ሰው ጥያቄው ይኸው ነው። መርከብማ ማንም ተጭኖ ይገዛል፤ ሻጩን ያንበረከክሁት እኔ ነኝ።