ለገና የተቆረጠ ጥድ

ሰው ቤቱን የሚያሳምረው ደስ ሲለው ነው የሚሉ አሉ። አትመኗቸው። እኔ እንዳየሁት ሰው ለመጋረጃና ለመብራት የሚሯሯጠው ሲፈራ ነው። ውጭውን ማስተካከል ሲያቅተው ውስጡን ያስጌጣል፤ አገር ሲታመስ ሶፋውን ያዟዙራል።

ያኔ የምንኖረው ሱሉልታ ነበር። እኔ ውኃ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ንብረት ክፍል እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ትዕግሥት የመጀመሪያ ልጃችንን ከወለደች ገና ወር አልሞላትም። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ገበሬ መሬት የሚያሰፋው የማስተር ፕላን ተቃውሞ የተጋጋለበት ታኅሣሥ ነው። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። ተኩስ በተሰማ ቁጥር ትዕግሥት ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጥፋ አልጋው ጥግ ትኮራመታለች። የሱሉልታን የታኅሣሥ ብርድ ደግሞ ለማያውቅ ሰው አላስረዳም፤ ሜዳው በአመዳይ ነጭ ሆኖ ነው የሚነጋው።

አንድ ቀን፣ «ቢያንስ ቤቱ ቤት ይምሰል እንጂ! ልጄ ዓይኗን ስትገልጥ የምታየው ይህን የግድግዳ ሻጋታ ብቻ ነው?» አለችኝ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ የቤት ማስጌጥ ሚኒስትር ሆንኩ። ቀይ መጋረጃ ሰቀልኩ። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ገዛሁ። ጥጥም ገዛሁ። ጥጥ ለምን አትሉም? ዛፉ ላይ በረዶ እንዲመስል ነዋ! ደጃችን ላይ አመዳይ በነጻ እየወረደ እኛ በረዶ በፓኬት እንገዛለን። የቀረው ዛፉ ብቻ ነበር።

አከራያችን ኦቦ ደበላ ከሰባ ያለፉ ሰው ናቸው፤ ከከተማው ዳር ቁራሽ መሬትና ጥቂት ጥዶች አሏቸው። አንዲት ቅርንጫፍ ይስጡኝ ብዬ ብለምናቸው ሳቁ።

«ቅርንጫፍ ምን ይሠራልሃል? ሙሉውን ውሰድ። ፕላኑ ሳይወስደው አንተ ውሰደው፤ አንተ ቢያንስ ጠይቀህ ነው» አሉኝ።

በገዛ እጃቸው ቁመቴን የሚያህል ጥድ ቆርጠው አሸከሙኝ። «አንተ ቅደም፣ እኔ ለማቆሚያው የሚሆን እንጨት ፈልጬ እደርስብሃለሁ» አሉ።

ልብ በሉ፤ በዚያው ጠዋት ተቃዋሚ ወጣቶች ዋናውን መንገድ የዘጉት ዛፍ ቆርጠው ነው። ይህንን እኔም አውቃለሁ፣ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ታዲያ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አዲስ የተቆረጠ ዛፍ ተሸክሞ በአስፋልቱ የሚሄድ ሰው ምን ይባላል? እኔ ለራሴ የሰጠሁት ስም አባወራ ነበር። መታጠፊያው ላይ የቆሙት ወታደሮች ግን ሌላ ስም ነበራቸው።

«ቁም! ዛፉን ወዴት ነው?»

«ወደ ቤት። ለገና ነው።»

«ገና መቼ ነው?»

«ሁለት ሳምንት ይቀረዋል።»

ወታደሩ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ሰማችሁ? እስከዚያ አስፋልቱ ላይ ሊያቆየው ነው።»

መታወቂያዬን ተቀበለ። ስሜን አነበበ፣ የአባቴን ስም አነበበ፣ የትውልድ ቦታዬን ደብረ ማርቆስን ሁለት ጊዜ አነበበ። ድምፁ ለሰለሰ።

«ማነው ቆርጦ የሰጠህ?»

ዝም ማለት ይቻል ነበር። እኔ ነኝ የቆረጥኩት ማለትም ይቻል ነበር። ግን እኔ እውነተኛ ሰው ነኝ፤ በተለይ ጠመንጃ ፊት ስቆም እውነት አፌን ሞልቶ ይፈሳል። «አከራዬ ናቸው፣ ኦቦ ደበላ» አልኩ። ይህን ብዬ ሳልጨርስ እሳቸው ራሳቸው ከኋላዬ ብቅ አሉ፤ በአንድ ትከሻቸው የማቆሚያውን እንጨት፣ በሌላው መጥረቢያውን ይዘው።

«አካም ጂርቱ?» አሉ በትሕትና፤ እንዴት ናችሁ ማለታቸው ነው። ሰላምታቸውን የተቀበለ የለም። የተቀበሏቸው መጥረቢያውን ነው።

«ቆራጩ ይኸውላችሁ» አለ አንዱ።

ስጦታ ነው ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። ሚስቴ አራስ ናት አልኩ፣ ግድግዳው ሻግቷል አልኩ፣ ስለ ጥጡ ሳይቀር ነገርኳቸው። ኦቦ ደበላ ክርኔን ያዝ አድርገው፣ «ተው ልጄ፣ አታብዛው። አንተንም ይጨምሩሃል» አሉኝ። ወታደሮቹ ፒክአፓቸው ላይ እንዲወጡ ሲያዟቸው፣ ከፍ ብሎባቸው እግራቸው አልደርስ ሲል ደግፌ ያወጣኋቸው እኔው ነኝ። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጥዱን እዚያው ትቼ መንገድ ስጀምር ወታደሩ ጮኸብኝ። «ዛፍህን አንሣ! መንገድ ልትዘጋ ነው እንዴ?»

ተሸክሜው ገባሁ። የኦቦ ደበላ ባለቤት አዴ ጫልቱ ግቢው ውስጥ ገብስ ያሰጣሉ። «እሳቸውስ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። እጃቸው ገብሱ ላይ እንዳለ ቀረ። «ሂድ፣ ሚስትህ ጋ ግባ። ቀስ ብለህ ንገራት፣ አራስ እንዳታስደነግጥ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

ትዕግሥት መብራቱን አላበራችም። ጥዱም ደጅ እንደተጋደመ ደረቀ። ኦቦ ደበላ የተፈቱት መጋቢት ውስጥ ነው፣ የማይለቅ ሳል ይዘው። እስከ ዛሬ አንድም ቀን ነገሩን አንሥተውብኝ አያውቁም።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የገና ዕለት ነው። ትዕግሥት የሠራችውን ዶሮ ወጥ ይዤ ጣቢያ ሄድኩ። የሚፈቀደው ለቤተሰብ ብቻ ነው ተባልኩ።

«ምንህ ነው?» አለኝ በሩ ላይ ያለው ፖሊስ።

«አባቴ ናቸው» አልኩ፣ ከልቤ።

መታወቂያዬን አየ። እኔን አየ። ተመልሶ መታወቂያዬን አየና ሳቅ አለ።

«አባትህ ከሆነማ፣ አንተ ውጭ ምን ትሠራለህ?»

እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ አብሬው ሳቅሁ።