አባ ሳሙና በገዛ በረንዳው እንደ ተከበበ

በዘመነ ጭምብል በሁለተኛው ዓመት፥ ሰው ከዘመዱ ጋር በመስኮት ሲነጋገር፥ አለቃና ምንዝር ከወገብ በላይ ኮት ከወገብ በታች ፒጃማ ለብሰው በስክሪን ሲተያዩ፥ ያስነጠሰ ሰው እንደ ሽፍታ ሲፈራ፥ ሞዓ ጉንፋን፥ ሥዩመ ሳሙና፥ ዐቃቤ ደጅ የተባለው የኢንሹራንስ ጸሐፊ በሦስተኛ ፎቅ ላይ፥ ሁለት መኝታ ክፍልና አንድ በረንዳ ባላት መንግሥቱ ነግሦ ነበር። አባ ሳሙና የሚለውን ስም ያወጣችለት ሚስቱ ናት፤ ከገበያ የመጣ ሽንኩርት አንድ በአንድ በሳሙና አሽቶ፥ አለቅልቆ፥ በፎጣ ሲያደርቅ ያየችው ዕለት አወጣችለት፥ እርሱም ስድብ መሆኑን እያወቀ እንደ ማዕረግ ተቀበለው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ከንቱ አልነበረም። እናቱ ከእርሱ ጋር ይኖሩ ነበር፥ አስምም ነበረባቸው፤ ሐኪማቸውም አባ ሳሙናን ወደ ኮሪደር ነጠል አድርጎ፥ ይህ በሽታ እኚህን እናት ካገኛቸው እንደማይምራቸው በለሆሳስ ነግሮት ነበር። ከዚያ ወዲህ አባ ሳሙና ሲበላም ሲጽፍም አንድ ጆሮው ከእናቱ ደረት አልተነሣም። ዳቦ ሻጩ ዳቦውን ደጃፍ አስቀምጦ ደረጃውን ካልወረደ በሩ አይከፈትም፤ የገዛ እህቱ እንኳ ናፍቃ መጥታ፥ ከደረጃው ሥር እጇን አውለብልባ ተመለሰች።

ወእምዝ በአንዲት ማክሰኞ ጠላት ካልተጠበቀበት አቅጣጫ ተነሣ፤ በወጥ ቤቱ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ቧንቧ ፈነዳ። አባ ሳሙናም በጨርቅ አሰረው፥ ጨርቁ ራሰ፤ በፕላስተር ጠቀለለው፥ ፕላስተሩ ተላጠ፤ ተንበርክኮ በምክርም ሞከረው፥ ውሃው ግን ምክር አልሰማ ብሎ ወደ ታችኛው ፎቅ ወረደ። የታችኛዋ ጎረቤትም እንደምን ዋላችሁ ብሎ የሚጀምር፥ አልጋዬ ላይ እየዘነበ ነው ብሎ የሚጨርስ መልእክት በስልክ ላከች። ሚስቱም፥ ይህ ሰውዬ ቧንቧውን በተግሣጽ ሊደፍነው ነው ወይ ብላ ከጠየቀች በኋላ፥ ባለሙያ ካልተጠራ እርሷ ዣንጥላዋን ይዛ ጎረቤቷ ዘንድ እንደምትሰደድ አስታወቀች።

ያን ጊዜ ሊቀ ቧንቧ ተጠራ። አባ ሳሙናም በስልክ፥ ትኩሳት እንዳለው፥ ሳል እንደያዘው፥ ሽታ ይሸተው እንደሆነ፥ ከማን ጋር እንደሚኖር፥ አብሮት የሚኖረው ወንድሙ የት የት እንደሚውል ሲመረምረው፥ ሊቀ ቧንቧ በትዕግሥት ሲመልስ ቆይቶ በመጨረሻ፥ ይህ ሁሉ ምርመራ ቧንቧ ሊያሠሩት ነው ወይስ ሴት ልጅ ሊድሩለት እንደሆነ እንዲነገረው ለመነ።

ሠራዊቱም እንዲህ ተሰለፈ፦ በግንባር ፊታውራሪ መወልወያ፥ በቀኝ ቀኝ አዝማች ባልዲ፥ በግራ ግራ አዝማች ጓንት፥ በደጀን ባለ አምስት ሊትሩ በረኪና፥ በየጥጉም የሳኒታይዘር ጠርሙሶች እንደ ዘብ ቆመው። በወጥ ቤቱና በሳሎኑ መካከል ቢጫ ፕላስተር ወለሉ ላይ ተለጠፈ፥ ያም የመንግሥቱ ወሰን ሆነ። ሊቀ ቧንቧ መሣሪያውን በትከሻው ተሸክሞ በደጃፍ በታየ ጊዜ፥ አባ ሳሙና ሁለት ማስክ ደርቦ፥ በሩን ከፍቶ ወደ ኋላው አፈግፍጎ፥ እንዲህ ሲል አወጀ፦

«ስማ! የሰማህ ሁለት ሜትር ርቀህ ላልሰማ አሰማ! ማስክህ ከአፍንጫህ አይውረድ። ጫማህን በፌስታል ጠቅልል። መንገድህ ከደጅ እስከ ወጥ ቤት ነው፤ ከቢጫው ፕላስተር አትለፍ፥ የበር እጀታ አትንካ። እናቴ እንግዳ ይወዳሉ፤ ና አረፍ በል፥ እናትህ እንዴት ናቸው ብለው ይጠሩሃል፤ አትምጣ። እኔ ራሴ ይሉኝታ ይዞኝ ብጠራህም አትምጣ። ብለምንህም አትምጣ። ይህን ያፈረሰ ዳግመኛ ደጄን አይረግጥም!»

ሊቀ ቧንቧም ቀኝ እጁን አንሥቶ ማለ። የዚያን ቀን መከራ ሁሉ የመጣው ይህ ሰው ቃሉን የሚጠብቅ ሆኖ በመገኘቱ ነው።

ሦስቱ የቤቱ ሰዎች ወደ ሳሎን አፈገፈጉ። ነገር ግን አባ ሳሙና በማለዳ ቤቱን በበረኪና ሲወለውል እጁን አልቆጠበም ነበርና፥ ሽታው እንደ ጭስ ተነሥቶ የእናቱን ጉሮሮ ያዘ። እናቱም፥ ልጄ በሽታውን ሊቀድመው ነው መሰለኝ ብለው ወደ በረንዳው ወጡ። አባ ሳሙና ወንበር ተሸክሞ፥ ሚስቱ ሻል ይዛ ተከተሏቸው፤ ሽታው እንዳይከተላቸውም አባ ሳሙና በገዛ እጁ የመስታወቱን በር ገፋ አድርጎ ዘጋው። ቀጭ አለ። የዚያ በር የውጭ እጀታ ከተነቀለ ቆይቷል፤ ነገ እጠግነዋለሁ ሲል ከርሟል።

ሚስቱ በሩን አየች፥ ባሏን አየች፥ ሰማዩን አየች፥ ዣንጥላዋም ውስጥ እንደ ቀረ አስታወቀች።  ወዲያው ግን ከዚህም የከፋ ነገር ተሰማ፤ የእናቱ ደረት ማፏጨት ጀመረ። በአፋቸው የሚስቡት መድኃኒት ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፥ የሁሉም ስልክ ከጎኑ ተደርድሮ፥ በመስታወቱ በኩል ወለል ብሎ ይታያል።

አባ ሳሙና መስታወቱን ደበደበ። ሊቀ ቧንቧም ከወጥ ቤት ብቅ ብሎ እስከ ቢጫው ፕላስተር መጣና በዚያ እንደ ሐውልት ተተከለ። በእጁ ጠራው፤ ሊቀ ቧንቧ ጣቱን ግራና ቀኝ አወዛወዘ። ለመነው፤ ሊቀ ቧንቧ ሳቀ። ፈተና እንደሆነ ገብቶታልና፥ ጋሼ ይሄንንም አስቀድመው ነግረውኛል ብሎ አስታወሰው፤ ስለ ገዛ ታማኝነቱ ደስ እያለውም ወደ ቧንቧው ሊመለስ ዞረ።

ያን ጊዜ ሞዓ ጉንፋን ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደገፈ። እሳት፥ ጎርፍ፥ ግጭት፥ ስርቆት እያለ የሰውን ልጅ አደጋ በየፈርጁ ሲመድብ የኖረ ጸሐፊ፥ እናቱን ሊያድንበት ባወጣው አዋጅ እናቱን የሚያሳጣ ሰው በየትኛው ፈርጅ እንደሚመደብ አላወቀም። እንባ በሁለቱ ማስክ ውስጥ ገባ። የአበባ ማሰሮ አንሥቶ መስታወቱን ሊሰብር ሲቃጣ እናቱ ክንዱን ያዙት፤ ማስካቸውን ዝቅ አድርገው፥ ወደ መስታወቱ ተጠግተው፥ በቀረቻቸው ትንፋሽ ይህን አዋጅ አስነገሩ፦

«አንተ ልጅ፥ ወዲህ ስማኝ። ያ የሚያዝህ ሰውዬ... ንፍጡን የጠረግሁለት እኔ ነኝ። የእሱ አዋጅ ከእኔ በታች ነው። ሽሬዋለሁ። እጅህን ከፈራህ በክርንህ ክፈት።»

ሊቀ ቧንቧም በሁለት መንግሥት መካከል ተያዘ። ወደ አባ ሳሙና ተመልክቶ፥ እውነት ነው ወይ የሚል ጥያቄ በቅንድቡ አቀረበ። በዚያች ሰዓት ከመንገዱ ማዶ በፋርማሲው ደጅ ተራርቆ የተሰለፈው ሕዝብ ድብደባውን ሰምቶ አንጋጦ ነበር፥ ከእነርሱም መካከል አባ ሳሙናን በመሥሪያ ቤት የሚያውቁት ነበሩበት። አባ ሳሙና ግን ዞሮ አላያቸውም። ማስኮቹን አውልቆ፥ የሳንባውን ያህል ጮኾ አወጀ፦

«እናቴ እንዳሉት ነው! ንፍጤን ጠርገውልኛል! አዋጄ ፈርሷል! ክፈትልኝ፥ ወንድሜ!»

ያን ጊዜ ሊቀ ቧንቧ ወሰኑን ተሻገረ። ትንፋሹን ውጦ፥ ፊቱን ወደ ትከሻው አዙሮ፥ እጀታውን በክርኑ ተጫነ፥ በሩንም በጫማው ጫፍ ገፋ አድርጎ፥ ጅብ እንዳየ ሰው ወደ ወጥ ቤቱ ሮጠ፥ በዚያም ግድግዳ ፊት ቆመ። ሚስቲቱ በአንድ ዝላይ መድኃኒቱን አመጣች። እናቱ ሳቡት፥ ጠበቁ፥ ደግመው ሳቡት፤ ፉጨቱም ቀስ እያለ እንደሚርቅ ባቡር ቀነሰ። አንደበታቸው በተመለሰ ጊዜ የተናገሩት የመጀመሪያ ነገር፥ ያ ልጅ እናቱ እንዴት እንደሆኑ ይጠየቅልኝ የሚል ነበር። እርሱም ከግድግዳው ሳይዞር፥ ደህና መሆናቸውን፥ ጉልበታቸውን ግን ብርድ እንደሚያማቸው መለሰ፤ ቧንቧው እስኪያልቅ ድረስም ሁለቱ፥ አንዱ ከበረንዳ አንዱ ከማጠቢያው ሥር ሆነው፥ ስለ ጉልበት ሲጨዋወቱ ዋሉ፥ አባ ሳሙናም በመካከላቸው ቆሞ ቃል ያቀብል ነበር።

ሊቀ ቧንቧ ከሄደ በኋላ የፍርሃት ሰሞን ሆነ። አባ ሳሙና በየማለዳው ሙቀት ለካ፥ እናቱ ቡና ይሸተኛል ሲሉ ተጽናና፤ በዚያም ሰሞን ከሚስቱ በቀር የሳለ አልነበረም፥ እርሷም የሳለችው ባሏ ከወንበሩ ሲዘል ለማየት ብላ ነው።

እንግዲህ ለአባ ሳሙና ክብር ይገባዋል። በር ዘግተው፥ ቅጥር አጥረው፥ መቀርቀሪያ ደርበው የከበሩ ነገሥታት ብዙ ናቸው፤ እርሱ ግን ዘግቶ ተሸነፈ፥ ክፈትልኝ ብሎ ድል ነሣ። አዋጁን በገዛ አንደበቱ የሻረ፥ ንፍጡን በአደባባይ ያመነ፥ ክብሩን ከሦስተኛ ፎቅ ጥሎ ወድቆ ሲሰበር ቁልቁል ያላየ ገዥ ከእርሱ በፊት አልተሰማም፤ ከእርሱም በኋላ ከተነሣ ይጻፍለት። ምስጋናው በዛ የሚል ሰው ቢኖር ደረጃውን ይውጣ፥ በደጃፉ ሁለት ሜትር ርቆ ይቁም፥ ጆሮውንም ይጣል። ምንም አይሰማም፤ ቧንቧውም የእናቱ ደረት ፉጨትም ዝም ብለዋል።