ሻዩ አንድ ሰዓት ይታገሥ

ሐኪም የሌለው ሰፈር ሞልቷል። ሐኪም ነኝ ባይ የሌለው ሰፈር ግን እስካሁን አልተገኘም። አንዱ ለሁሉም በሽታ ፌጦ ያዛል፣ ሌላው ዝንጅብል፣ ሌላው ደግሞ «ነርቭ ነው» ብሎ ይገላገላል። ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ላለው ሰፈር የደረሱት ክቡር ጋሽ ገብረትንሣኤ ነበሩ። የእርሳቸው መድኃኒት በዓይን አይታይም፤ በሚሊግራም ነው የሚለካው። ዚንክ፣ ማግኒዚየም፣ ክሮሚየም፣ ብረት።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት የአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ ናሙና ሲፈጩ ነው የኖሩት። «አፈሩ ዚንክ ካጣ እህሉም ያጣል፤ እህሉ ካጣ አንተ ከየት ልታመጣው ነው?» ይላሉ። ሰው ሲያገኙ ከሰላምታ በፊት ጥፍሩን ያያሉ፤ ነጭ ነጥብ ካለበት አለቀለት፣ ዚንክ ጎድሎታል ማለት ነው። ሐኪሞች በዚህ እንደማይስማሙ ሲነገራቸው «እነሱ መቼ ጥፍር ያያሉ፣ ወረቀት ነው የሚያዩት» ብለው ያልፋሉ። የላዳው ሹፌር ራጉኤል ከሩቅ ሲያያቸው እጁን ኪሱ ውስጥ ይከት ነበር። አንድ ሠርግ ላይ ሙሽሪትን ሊስሙ ቀርበው ጥፍሯን ቀለም ተቀብታ ስላገኟት ሙሉ ቀን ተበሳጩ። በማግሥቱ ለማንኛውም ብለው ዚንክ ሞልቶበታል የሚሉትን የዱባ ፍሬ አንድ ኪሎ ላኩላት።

ፍዳዋን ያየችው ግን ጥሩነሽ ናት፣ ባለ ሻይ ቤቷ። ሰፈሩ ግማሹ ፈርሶ ደንበኛዋ በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተነ ወዲህ ሻይ ቤቷን ደግፎ ያቆየላት የምሳ ሰዓት ሰው ነው፤ ሽሮውን በልቶ ሻይ የሚጠጣው። ጋሽ ገብረትንሣኤ ደግሞ በዚያችው ሰዓት በሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ተሰይመው፣ ሻይ ሲመጣ የሰውን ብርጭቆ በመዳፋቸው ይከድናሉ።

«ሻዩ አንድ ሰዓት ይታገሥ። ከምግብ ጋር ከጠጣኸው ብረቱን ይዞት ይሄዳል።»

«ጋሼ፣ ሰውየው ቢሮ ይገባል እኮ» ትላለች ጥሩነሽ።

«ይግባ። ሲወጣ ይጠጣል።»

«እኔስ ምን ልሽጥ?»

«ጠዋት ሽጪ፣ ጓለይ።» ከትግራይ ከመጡ ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ «ልጄ» የሚሉት ግን እስከ መጨረሻው በትግርኛ ነበር።

ስንቴ ልታስወጣቸው አስባለች። ሚስታቸው ወይዘሮ ጽጌማርያም በስኳር ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ እንዴት ብላ ከበር ትመልስ? ሥራ ፈትተው ነው እያለች ቻለቻቸው።

ጥሩነሽም ራሷ ስኳር አለባት። ባለፈው ኅዳር ኪኒኑ ሆዷን እያገላበጠ አላስቀምጥ ሲላት ተወችው። ለማንም አልተናገረችም። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ደንበኛ ሳይገባ፣ ብርጭቆ እያጠበች፣ እንደ ዋዛ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ቆሽት ኢንሱሊኑን የሚያከማቸው በዚንክ ነው ብለውኝ የለ? እንግዲያ የዱባ ፍሬውን ሳላቋርጥ ብበላ፣ ኪኒኑ ቢቀርብኝስ?»

ረጅም ትምህርት ነበር የጠበቀችው። ጋሽ ገብረትንሣኤ ግን ከዱካቸው ተነሥተው ወደ ባንኮኒው ቀረቡ።

«ተውሽው እንዴ?»

«ዘጠኝ ቀኔ።»

«ጽጌም እንደዚሁ ነበር የጠየቀችኝ» አሉ። «ኪኒኑ ሆዷን አስቸግሯት። እኔ አዋቂው፣ ክሮሚየም ስኳር ያወርዳል ሲባል በሬዲዮ ሰምቼ፣ ‹ተይው፣ በምግብ እናስተካክለዋለን› አልኳት። አመነችኝ። ጎመኑን፣ ኑጉን፣ ያልኳትን ሁሉ በላች። መጀመሪያ እግሯን ቆረጧት። ከዚያ ሞተች። ለሰው ስኳር ገደላት እላለሁ። የገደልኳት እኔ ነኝ።»

ጥሩነሽ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«ማዕድኑ ውሸት አይደለም፣ ጓለይ። የጎደለበት ይጎዳል። ግን ከኪኒኑ ጋር ነው እንጂ በኪኒኑ ፈንታ አይደለም። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ሆድሽን እንዳስቸገረሽ ንገሪያቸው። ሻይ ቤቱን እኔ እጠብቅልሻለሁ።»

ከባንኮኒው ኋላ ጎንበስ ብላ አለቀሰች። ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈት ያለቻቸው ሰው ለካ በየሰዉ ጥፍርና ብርጭቆ ላይ ሲባዝኑ የኖሩት ፈርተው ነው። የዚያን ቀን ሄደች፤ ሌላ ኪኒን ቀየሩላት።

ከዚያ ወዲህ ሻይ ቤቱ ሲከፈት በጋዜጣ ቁራጭ የተጠቀለለች አንድ ማንኪያ የዱባ ፍሬ ይዘው ከች ይላሉ።

«መጀመሪያ ኪኒኑ» ይላሉ። እስክትውጥ ድረስ ጉሮሮዋን ያያሉ፤ ከዋጠች በኋላ ነው ጥቅልሏን የሚሰጧት።

«ሕፃን አደረጉኝ እኮ፣ ጋሼ።»

«ሁኚልኝ።»

በጥር አንድ ጠዋት አልመጡም። ራጉኤል ሄዶ አንኳኳ፤ መልስ ሲያጣ በሩን ገፍቶ ገባ። እንደተኙ ነው ልባቸው የቆመው። ጠረጴዛቸው ላይ ያገኛትን የጋዜጣ ጥቅልል አምጥቶ ለጥሩነሽ ሰጣት። ለዚያ ቀን ያዘጋጁላት ነበረች። ጥሩነሽ እያለቀሰች መጀመሪያ ኪኒኗን ዋጠች።

በሠልስቱ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ከየኮንዶሚኒየሙ ሳይቀር ሁለት ታክሲ እየቀያየሩ መጥተዋል። ምሳው እንዳለቀ ጥሩነሽ ከቤቷ ያፈላችውን ሻይ በሰፊ ትሪ ይዛ ገባች፤ በየፊታቸውም ደረደረችው። ራጉኤል እጁን ሲሰድድ ብርጭቆውን በመዳፏ ከደነችበት።

«ሻዩ አንድ ሰዓት ይታገሥ» አለች።

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ሥራ የሚገባ ነበረ፤ መንገድ የሚርቀውም ነበረ። አንድም ሰው አልተነሣም። ራጉኤል እጆቹን ኪሱ አልከተተም፤ ጥፍሮቹ እንደሚታዩ አድርጎ ጉልበቱ ላይ ዘረጋቸው። ሻዩ በረደ። አሙቂልን ያለ አልነበረም፤ ሰዓቱ ሲሞላ እንደበረደ ጠጡት።