እሁድ የሚተኛው ካርድ

እኔ የምለው፣ ላፕቶፕ ውስጥም ሥራ ፈት እንዳለ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር። ጁባ ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጉዴሌ ሰፈር ውስጥ የወይዘሮ ዘነቡን የእንግዳ ማረፊያ አስተዳድራለሁ። ቧንቧ ሲፈነዳ እኔ፣ እንግዳ ሲቆጣ እኔ፣ አንሶላ ሲጠፋ እኔ። በዚህ ላይ የላፕቶፕ አስታማሚ ሆኜ አረፍኩት። ደክሞኛል፣ እውነቴን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ማኅሌት አዲስ አበባ ከእናቷ ጋር ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ስደውልላት፣ ትምህርት? ደህና። እናትሽስ? ደህና። ከዚያ ዝም። በአንዲት ቃል ልጅ ማሳደግ ይቻላል እንዴ? ኋላ የመኪና ውድድር ጌም እንደምትወድ ሰማሁና የጌም ላፕቶፕ ገዛሁ። እሁድ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እሷ ጋ አሥር ሲሆን፣ ስልካችንን ከፍተን አብረን እንነዳለን። በሳምንት ከልጄ የሚደርሰኝ ይህችው አንድ ሰዓት ናት።

ታዲያ የእኔ መኪና ትንሽ ይንገዳገድና ኩርባ ላይ ድርቅ ይላል። ማኅሌት ዳር ይዛ ትጠብቀኛለች። ቆምክ እንዴ ትለኛለች፤ ቆምኩ እላታለሁ። እስኪለቀኝ ድረስ እሷ ስለ ሒሳብ አስተማሪዋ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ፣ ከማን ጋር እንደተኳረፈች ታወራለች። እኔ ምን ጆሮ አለኝ? ላፕቶፑን እየረገምኩ ነው። አንድ እሁድ፣ ይሄ ነገር ካልተስተካከለ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ነው የምጫወተው አለችኝ።

በማግስቱ ላፕቶፑን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ በቦዳቦዳ፣ በሞተር ታክሲ፣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሄድኩ። እዚያ ጋትሉዋክ የሚባል ጠጋኝ አለ፤ ኢትዮጵያ በስደት ያደገ፣ አማርኛው ከእኔ የሚሻል። ከፍቶ አየውና ሁለት ግራፊክስ ካርድ፣ ሥዕሉን የሚሠራው ዕቃ፣ እንዳለው ነገረኝ። አንዱ ትንሽ ነው፤ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው። ሌላው ትልቅ ነው፤ ላፕቶፑ የተወደደው በእሱ ምክንያት ነው፤ እሱ ግን ተኝቷል። ወይ ጉድ! ትንሹን ሳላየው አዘንኩለት፣ ዘመዴ መሰለኝ።

ጋትሉዋክ ሴቲንግ ውስጥ ገባ፣ ጌሙ በትልቁ ካርድ ይሂድ ብሎ አዘዘ። መኪናዋ በረረች። "ማፊ ሙሽኪላ" አለኝ፣ ችግር የለም ማለቱ ነው። እሁድ ደረሰ፣ ኩርባዋ ጋ ድርቅ! ሰኞ ተመለስኩ፣ እሱ ሱቅ መኪናዋ ትበራለች። እሁድ፣ ድርቅ። ጋትሉዋክ እንደ ውሸታም ያየኝ ጀመር። በሦስተኛው ጊዜ፣ እኔው መጥቼ በዓይኔ ልየው አለና እሁድ በዘጠኝ ሰዓት ከች አለ።

ገና ከበሩ ቆም ብሎ አዳመጠ። "ጄኔሬተሩ የታለ?" አለ።

አያችሁ፣ ወይዘሮ ዘነቡ ሰንበት አክባሪ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ይቀርባል፣ ከዚያ ጄኔሬተሩ ጠፍቶ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ያርፋል። ቁልፉን በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሩታል። እኔ ከመልመዴ ብዛት መጥፋቱን እንኳ አልሰማውም። ጋትሉዋክ ሳቀ፤ ላፕቶፑ መብራት ሲቋረጥበት ባትሪ ለመቆጠብ ትልቁን ካርድ ያስተኛዋል አለኝ። በግድ ሊቀሰቅሰው ሞከረ፤ ባትሪው ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ሞተ።

የቀረኝ ወይዘሮ ዘነቡን መለመን ነበር። ፊታቸው ቆሜ የልጄን ነገር ነገርኳቸው። ሞተሩም ነፍስ እንዳለው ያህል ሲከራከሩለት ቆዩና፣ በመጨረሻ ቋጠሮውን ፈቱ። እሁድ እሁድ አንድ ሰዓት ተፈቀደልኝ።

በሚቀጥለው እሁድ ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ትልቁ ካርድ ነቃ። እንዴት ያለ ሥዕል መሰላችሁ! ኩርባዋን እንደ ቅቤ አለፍኳት። ደስታዬን መቻል አቅቶኝ፣ ማሂዬ፣ ፈተና እንዴት ነበር አልኳት።

"አባዬ፣ አታውራኝ፣ እየነዳሁ ነው።"

ሰዓቱን ሙሉ ነዳን። አምስት ጊዜ አሸነፈችኝ፤ ቻው ብላ ዘጋችው። ስለ አስተማሪዋ የለ፣ ስለ ውሻው የለ። ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ለካ ልጄን ያመጣልኝ የነበረው ያ ብልሽት ነው። ስንት ሳምንት የታገልኩት ለዚህ ነው? አልቅስ አልቅስ አለኝ።

በሳምንቱ ወይዘሮ ዘነቡ በሰዓታቸው ቁልፉን ይዘው መጡ። እማማ፣ ግድ የለም፣ ዛሬ ይረፍ አልኳቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣ አንድ ነገር አጉረምርመው መልሰው ቋጠሩት። እኔም ገባሁ። ትንሹ ካርድ፣ ዘመዴ፣ እየተንገዳገደ ኩርባዋ ጋ አደረሰኝና ድርቅ አለ።

"አባዬ፣ ደግሞ ቆምክ እንዴ?"

"ቆምኩ የኔ ልጅ። ይሄ ላፕቶፕ የሚድን አይመስለኝም።"

በረጅሙ ተነፈሰች። "እሺ፣ እስኪለቅህ ድረስ ልንገርህ፤ ያቺ ያኮረፈችኝ ልጅ የለች..."