የጋሽ አድማሱ ሠላሳ ነጥብ

ሰው ሰውን በተራ ሳያሰልፍ መኖር አይሆንለትም። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ገና ደብተሩን ሳያስቀምጥ «ስንተኛ ወጣህ?» ይባላል። ሰርግ የተጠራ እንግዳ ምግቡን ከማየቱ በፊት የት እንዳስቀመጡት ያያል። እኔም እንጅባራ ላይ ሒሳብ ሳስተምር በየሴሚስተሩ ልጆችን ከአንደኛ እስከ ስድሳኛ ስደረድር የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን የማወራላችሁ ንጹሕ ሆኜ አይደለም።

እንጅባራ፣ ዳንግላና አካባቢው ያለን አሥራ አራት ሰዎች በስልክ ቼዝ እንጫወታለን። የቴሌግራም ቡድን አለን፤ ማን ማንን እንዳሸነፈ እዚያ ይለጠፋል፣ መዝጋቢው እኔ ነኝ። ደንባችን ቀላል ነበር፤ ላሸነፈ አንድ ነጥብ፣ ለተሸነፈ ባዶ። በዚህ ደንብ አንደኛው ግዛቸው የሚባል የባጃጅ ሹፌር ነው። መናኸሪያው በር ላይ ተሳፋሪ እስኪያገኝ ይጫወታል፤ እንጅባራ ደግሞ ዝናብ ሲጥል ተሳፋሪም የለ፣ እሱም እየተጫወተ ይውላል። ዳንግላ ያለችው አዋላጅ ነርስ የሻለም ግን በሳምንት አንዴ ብቅ ብላ ግዛቸውን ጨምሮ ሁላችንንም ገርፋን ትሄዳለች። ደረጃዋ? ዘጠነኛ። «ታዲያ ማዋለዱን ትቼ ልጫወት?» ብላ ጻፈችብኝ።

ይህ ሁሉ በሳቅ ያልፍ ነበር፣ ባሕር ዳር ላይ ውድድር ሊደረግ ነው፣ ከናንተም ሁለት ሰው ላኩ ባይባል ኖሮ። ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። አንዱ «ግዛቸው ነጥቡን የሚለቅመው ከጋሽ አድማሱ ላይ ነው!» ብሎ ጻፈ። መዝገቡን ገለጥኩ። እውነት ነው።

ጋሽ አድማሱ ግምጃ ቤት በምትባል ከተማ ነው የሚኖሩት። ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ሲደሰቱ ከአማርኛ ወደ አገራቸው ቋንቋ ወደ አውኛ የሚሻገሩ ደግ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን መዋላቸው ያሳሰባት ልጃቸው ናት ስልክ ገዝታ ጨዋታውን የጫነችላቸው። ንግሥታቸውን በአምስተኛው እርምጃ የሚያስበሉ ሰው ነበሩ። ግዛቸው በየቀኑ ያሸንፋቸዋል።

እኔም ሙያዬ ተነሣብኝ። አንብቤ፣ አስልቼ፣ አዲስ ደንብ አመጣሁ። ሁሉም ከእኩል ነጥብ ይነሣል፤ ያሸነፈ ከተሸነፈው ላይ ይወስዳል፤ ብርቱውን ያሸነፈ ብዙ፣ ደካማውን ያሸነፈ ጥቂት። የድሮውን መዝገብ ሁሉ በዚህ አዲስ ሚዛን መዘንኩት። የሻለም አንደኛ ወጣች፣ ግዛቸው ሁለተኛ ሆነ። እኔ ሰባተኛ! ፍትሕ ነውና ዋጥኩት። ቡድኑ አመሰገነኝ። ግዛቸው «እሺ መምህር» ብቻ ብሎ ጻፈ።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ጋሽ አድማሱ ደወሉልኝ።

«መምህር፣ ይሄ ስልኬ ተበላሽቶ ይሆን? ተጫወቱኝ ብዬ እልካለሁ፣ የሚመልስ የለም። ከግዛቸው በቀር።»

ስልኩ ደህና ነበር። ሒሳቤም ደህና ነበር፤ ክፋቱ እሱ ነው። እሳቸውን ማሸነፍ ሁለት ነጥብ ያስገኛል፣ በእሳቸው መሸነፍ ሠላሳ ያስቀንሳል። ማን ይሞክራል? ልደብቃችሁ አልችልም፣ እኔ ራሴ ግብዣቸውን ሁለት ጊዜ አይቼ እንዳላየ አልፌዋለሁ።

«ያለ ነጥብ ብንጫወትስ?» አልኳቸው፣ አፍሬ።

«ያለ ነጥብ? እንደ በሽተኛ ልትጠይቁኝ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። «ግድ የለም። አንድ ሰው በቀን አንዴ ከጠበቀኝ ይበቃኛል።»

በማግስቱ መናኸሪያው በር ላይ ግዛቸውን አገኘሁት። ውድድሩ አራት ቀን ቀርቶታል፤ ለሁለተኛነት የሚከተለው የዳንግላ ፋርማሲስት በጥቂት ነጥብ ብቻ ነው የሚያንሰው።

«አንዴ ብትሸነፍ ባሕር ዳር ቀረ ማለት ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ መምህር።»

«ጋሽ አድማሱን እስከ ውድድሩ ይታገሡኝ ብትላቸውስ?»

«ምን ብዬ? ነጥቤን ፈራሁ ልበላቸው? ስምንት ሰዓት ላይ መነጽራቸውን አድርገው ነው የሚጠብቁኝ።» ተሳፋሪ መጣለትና ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

በዚያው ቀን ከስምንት ሰዓት በኋላ ቡድኑ ላይ ውጤት ተለጠፈ፤ ጋሽ አድማሱ አሸነፉ። ግዛቸው ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ወረደ።

ቡድኑ ታመሰ። «ለቆላቸው ነው!» ያለው ብዙ ነው። እኔም ተናደድኩ። እንዲህ ያለ ቸርነት ደንቡን ያበላሻል ብዬ የጨዋታውን እርምጃ አንድ በአንድ መለስ እያልኩ መረመርኩ፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ስሕተት ፍለጋ። አጣሁ። ሽማግሌው ፈረሳቸውን ለማጥመጃ አስበልተው ግንባቸውን ከኋላ አዙረው የግዛቸውን ንጉሥ ጥግ አስይዘውታል። ግዛቸው መውጫ ያልፈለገበት በኩል የለም። ዘዴው ደግሞ የራሱ የግዛቸው ነበር፤ ስንት ቀን ሲያሸንፋቸው የኖረበት። ለካ ሲሸነፉ እየተማሩ ነው።

ደወልኩለት። «የእውነት ነው የተሸነፍከው?»

«መምህር፣ በዚህ ብርድ ላብ አጥምቆኝ ነበር እኮ!» ድምፁ ውስጥ ቅሬታ ፈልጌ አጣሁ። «ደውለውልኝ በአውኛ ምን ምን እንዳሉኝ እንጃ፣ ግን አልቅሰዋል።»

ባሕር ዳር የሻለምና ፋርማሲስቱ ሄዱ፤ የሻለም ከአምስት ጨዋታ ሦስቱን አሸንፋ ወደ ወላዶቿ ተመለሰች። ደንቡ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ የተላከለትን ግብዣ ያለ ምክንያት ያለፈ አምስት ነጥብ ይቀነስበታል። እንግዲህ ሁሉም ከጋሽ አድማሱ ጋር መጫወት ግድ ሆነበት። ብዙዎቹ ተጫውተው ተጸጸቱ።

እሳቸው ዛሬ ስድስተኛ ናቸው። እኔ አሥረኛ ነኝ። ባለፈው እሑድ ግብዣ ልኬላቸው መልስ ሲጠፋ ደወልኩ።

«አይቼዋለሁ መምህር» አሉኝ፣ የመዝገብ ቤት ድምፃቸውን አውጥተው። «ባሸንፍህ የማገኘው ጥቂት ነው፤ ብሸነፍ ግን ብዙ ይጎድልብኛል። እስቲ በእርጋታ ላስብበት።»

በደንቡ መሠረት አምስት ነጥብ ልቀንስባቸው ይገባ ነበር። መዝገቡን ከፈትኩት፣ ስማቸውን አየሁት፣ መልሼ ዘጋሁት።