ቅርፊት ያወጣው እንጨት

ቀለም የሚቀባ ሰው ሁሉ የሚደብቀው ነገር አለው። ቀለም ሻጭ ነኝና እመኑኝ። ምርጫ ሲደርስ አጥሩን የሚያድስ ቀበሌ፣ ሊሸጠው ያሰበውን ሚኒባስ ስቱኮ አልብሶ የሚያስቀባ ባለታክሲ፣ ሽማግሌ ሊመጣበት ሲል በሩን የሚያሳምር አባወራ... ሁሉም ቃሊቲ ሱቄ ይመጣሉ። «ይሄ ቀለም ከዚያ ቫርኒሽ ጋር ይስማማል?» ሲሉኝ «እንደ ባልና ሚስት» እላቸዋለሁ። ባልና ሚስት ምን ያህል እንደሚስማሙ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ዋሸ አልባልም።

የሚስቴ አባት፣ አባባ ተክሌ፣ ከባቡር ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ ስሜን ጠርተው አያውቁም። «ነጋዴው መጣ?» «ለነጋዴው ውሃ ስጪው» ነው ነገራቸው። የሌላዋን ልጃቸውን ባል፣ አስተማሪውን፣ ግን «ልጄ» ይሉታል። ምን ሠርቶ እንደሆነ እስከ ዛሬ አጣርቼ አልደረስኩበትም።

ጡረታ ከወጡ ወዲህ የያዛቸው አባዜ ዓሣ ማጥመድ ነው። ትል መንካት አይወዱም። ዋንዛ ጠርበው ጣት የምታህል ዓሣ ይሠሩና ሆዷ ሥር መንጠቆ ይሰኩባታል። ትልቁ ዓሣ ትንሿን እበላለሁ ብሎ ሲመጣ መንጠቆውን ይጎርሳል። ጨረታ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት አዲስ የጠረቡትን በመሐረብ ጠቅልለው መጡ።

«ነጋዴው፣ ይህን ቀባልኝ። ነገ ቆቃ እወርዳለሁ።»

«ምን ዓይነት ቀለም ይሁን፣ አባባ?»

«የዓሣ። ቅርፊትም ይኑረው።»

«እንጨት እኮ ነው፣ አባባ።»

«ቢሆንስ? በኦሪት ሕግ ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይበላም። ለእኔ ያልተፈቀደውን ለዓሣ አላበላም።»

ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉና «ካማረ አብረኸኝ ትወርዳለህ» አሉ። አስተማሪውን እንኳ ወስደውት አያውቁም። ወዲያው ያሉኝን ጣሳዎች ሁሉ ከፈትኩ።

የብር ቀለም አልነበረኝም። የነበረኝ ከታክሲ የተረፈ ሰማያዊና ነጭ ነው። በእኛ ሰፈር የታክሲ ቀለም ያልደረሰበት ነገር የለም፤ አልጋው፣ የዶሮ ቤቱ፣ የሱቁ መዝጊያ... እኔም እንደ ደንቡ ሆዱን ሰማያዊ፣ ጀርባውን ነጭ አደረግሁት። ቅርፊቱን በሚስቴ ማበጠሪያ ልሥል ብሞክር ዓሣው ሹሩባ የተሠራ መሰለ። አጥፍቼ እንደገና ቀባሁት። ቅርፊቱ ቢቀር እንኳ ያብለጭልጭ ብዬ ቀለሙ ሳይደርቅ የመኪና ቫርኒሽ በቲነር አቅጥኜ ደረብኩበትና ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።

በዚህ መሃል ከሳሪስ አቦ የመጣ ሰው ለውጭ በሩ ያንኑ ቀለምና ያንኑ ቫርኒሽ ጠየቀኝ። «ይስማማል?» አለ። «እንደ ባልና ሚስት» ብዬ ሸኘሁት።

ስመለስ ዓሣው ተጨማዷል። ቀለሙ ከጭራ እስከ ራስ ተሸብሽቦ ተነስቷል። ልፍቀው ቲነር ሳነሳ አባባ ተክሌ ከች አሉ። መነጽራቸውን አደረጉ። ዓሣውን ገለበጡት፤ መልሰው ገለበጡት።

«ይህን ቅርፊት በምን ሠራኸው?»

«የሙያ ነገር ነው፣ አባባ» አልኩ። ነጋዴ ደንግጦም ዋጋ አይቀንስም።

«ቀለሙ ግን የታክሲ ነው።»

«ዓሦቹ እንዲሳፈሩ ብዬ ነው።»

አልሳቁም። ግን በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ በሬ ተንኳኳ።

ቆቃ ዳር ፀሐይ ራሳችንን እስክትበሳው ተቀመጥን። አንድ ጊዜ ክሩ ድንገት ተወጠረ። «ያዝ፣ ነጋዴው፣ ያዝ!» እየተጓተትን አወጣነው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል የለ? የወጣው ክንድ የሚያህል አምባዛ ነው። ጢሙ የድመት፣ ገላው ልሙጥ፤ ለመድኃኒት እንኳ አንዲት ቅርፊት የለችውም። አባባ ተክሌ አምባዛውን አዩ፤ አፉ ውስጥ የተሰካውን እንጨት አዩ።

«እንደ ሕጉ ከሆነ» አሉ በመጨረሻ፣ «ከሁለቱ የሚበላው እንጨቱ ነው።»

አምባዛውን ወደ ውሃው መለስነው። እኛ ዳቦ በላን። እስከ ቤት ድረስ «ነጋዴው» አላሉኝም፤ ሌላም ነገር አላሉኝም። እንደ መሻሻል ቆጠርኩት።

ሰኞ አባባ ተክሌ ሱቄ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሳለ የሳሪስ አቦው ባለ በር ደረሰ።

«አንተ ሰውዬ፣ በሬን ጉድ ሠራኸው! እንደ ወተት ስልባቦት ተሸብሽቧል። እንደ ባልና ሚስት አላልከኝም?»

አፌን ስከፍት አባባ ተክሌ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ።

«ማን ላይ ነው የምትጮኸው? ልጄ ላይ?»

ሰውየው ይቅርና እኔም ደነገጥኩ።

«ቅርፊት ነው የሠራልህ። ቆቃ ድረስ ሄደን ሞክረነዋል።»

«ቅርፊት ለበር ምን ያደርጋል፣ አባቴ?»

«በጾም ይበላል።»

ሰውየው እያጉረመረመ ወጣ። አባባ ተክሌ በርጩማቸው ላይ ተመለሱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ባቡር ቤት ዕድሜዬን የፈጀሁት ፉርጎ ስቀባ ነው። ያልደረቀ ቀለም ላይ ቫርኒሽ የሚደርበው ሰነፍ ነው፤ «መጀመሪያ ይድረቅ» ሳይል የሚሸጠውም። በል ነጋዴው፣ ተከተለውና በሩን ፍቀህ በነፃ ቀባለት።»

ሄድኩ። ቀለም የሚቀባ ሁሉ የሚደብቀው ነገር አለው ብያችሁ የለ? አማቼም ሰው ፊት «ልጄ» የሚል ቀለም ቀብተውኛል። ገና አልደረቀም። ቫርኒሽ አልደርብበትም።